የዓለም ትልቁ ዛፍ ላይ በገመድ፦ የጀነራል ሸርማን ምርመራ

ግንቦት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ሜይ 21 ቀን 2024) ማክሰኞ ነበር። ቦታው ካሊፎርኒያ፣ ሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ። ጀነራል ሸርማን የሚባለውን ዛፍ ሊያዩ የመጡ ጎብኚዎች አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ያያሉ። ከዛፉ ላይ ገመድ ተንጠልጥሏል። ሰዎች ገመዱን ይዘው ራሳቸውን ወደ ላይ ይስባሉ። ጋዜጠኞችም ካሜራቸውን ደቅነዋል።

ይህ ዛፍ በግዝፈቱ ከዓለም አንደኛ ነው። ከብዙ አገር እየመጣ ከሥሩ ቆሞ ፎቶ የሚነሳው ሕዝብ ብዛት አይነገርም። በገመድ ተወጥቶበት ግን አያውቅም ነበር። ያን ቀን የመጀመሪያው ሆነ።

የወጡትም ሪከርድ ለመስበር አይደለም። ዛፉ ታሞ እንደሆነ ለማየት ነው።

ዜናው "ተመራማሪዎች ዛፉ ላይ ወጡ" ብሎ አለፈ። እኔን የያዘኝ ግን "እንዴት?" የሚለው ነው። እስከ 40 ሜትር ድረስ ትልቅ ቅርንጫፍ የለውም። ሚስማር አይመታበትም። ቅርፊቱ እንዳይጫር ይፈለጋል። እንዲህ ያለ ዛፍ ላይ ሰው በምን ይወጣል? ስለዚህ የምርመራውን ታሪክ እነግራችኋለሁ፣ ገመዱ ጋ ስንደርስ ግን ቆም እላለሁ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው።

ታካሚው

ሸርማን ቁመቱ 83.8 ሜትር ነው። በቁመት የሚበልጡት አሉ። እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ወደ ባሕሩ ጠጋ ብሎ የሚገኘው ሃይፐሪየን የተባለ ዛፍ ከ115 ሜትር ያልፋል። ሸርማንን አንደኛ ያደረገው የግንዱ ይዘት ነው፤ 1,487 ሜትር ኩብ። ሥሩ ጋ ዙሪያውን ለመክበብ ሃያ ያህል ሰው እጅ ለእጅ መያያዝ አለበት፤ 31 ሜትር ነው። ዕድሜው ወደ 2,200 ዓመት ይገመታል። የአክሱም ሐውልቶች ሳይቆሙ እሱ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

አክሱምን ካነሳሁ አይቀር፣ ወድቆ የቀረው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ያንን ሐውልት ከዛፉ አጠገብ አቁማችሁ ጫፉ ላይ ብትወጡ፣ የሸርማንን የመጀመሪያ ትልቅ ቅርንጫፍ ለመንካት ገና 7 ሜትር ያህል ይቀራችኋል።

ስሙ የወጣለት በ1879 ነው። የሰየመው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በጀነራል ሸርማን ሥር ያገለገለ ሰው ነው። ቆይቶ አካባቢው ላይ ካዌያ የሚባል የሶሻሊስቶች ማኅበር ሰፈረና "የካርል ማርክስ ዛፍ" አለው። ማኅበሩ ፈረሰ፣ ዛፉም ወደ ጀነራልነቱ ተመለሰ። መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ሆኖ መልሶ መስቀል አደባባይ እንደሆነው ነው ነገሩ።

ለምን ተጠረጠረ?

የሸርማን ዘር የሆነው ግዙፍ ሴኮያ በተፈጥሮው የሚበቅለው ሴራ ኔቫዳ በሚባለው ተራራ ምዕራባዊ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ "ይህን ዛፍ የሚገድለው ነገር የለም" ይባል ነበር። ታች ያለው ቅርፊቱ ውፍረት እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እሳት ይመጣል፣ ይለበልበዋል፣ ያልፋል። እንዲያውም ፍሬው ከፍቶ ዘሩን የሚያራግፈው እሳት ሲሞቀው ነው።

በ2020 እና በ2021 የመጣው እሳት ግን ሌላ ነበር። ከነበሩት 75,000 ያህል ጎልማሳ ሴኮያዎች ከ13 እስከ 19 በመቶ የሚሆኑት በሁለት ዓመት ውስጥ አለቁ። በ2021 እሳቱ ወደ ሸርማን ሲጠጋ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የግንዱን ሥር እሳት በሚከላከል ብርማ ፎይል ጠቀለሉት። ፎቶው ዓለምን ዞረ። ትልቁ ዛፍ ምድጃ ውስጥ እንደሚገባ ድንች ተጠቅልሎ ማየት እንግዳ ነገር ነው።

ሸርማን ተረፈ። በዚህ መሃል ግን ሌላ ነገር ታየ። አንዳንድ ሴኮያዎች ከአናታቸው ጀምሮ ይደርቃሉ። ምክንያቱ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ጥንዚዛ ነው፤ ቅርፊት እየበሳ የሚኖር። እንግዳም አይደለም፣ እዚያው ካሊፎርኒያ የኖረ ነው። ለሺህ ዓመታት ከሴኮያ ጋር ጎረቤት ነበር። አሁን ግን ድርቅና እሳት ያደከሙት ዛፍ ሲያገኝ መግደል ጀምሯል። ተመራማሪዎቹ በዚህ መንገድ የሞቱ 40 ያህል ሴኮያዎችን መዝግበዋል።

የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ጥንዚዛው የሚጀምረው ከላይ ነው። ቅርንጫፎቹን ይበሳል፣ ቀስ እያለ ወደ ግንዱ ይወርዳል። ካልተገታ አንድ ዛፍ በስድስት ወር ውስጥ ሊሞት ይችላል። ታች ቆሞ በመነጽር የሚያይ ሰው ለውጡን የሚያስተውለው ቅጠሉ ቡናማ ሲሆን ነው። ያኔ ደግሞ ረፍዷል። በጊዜ ማወቅ የፈለገ ሰው ቅርንጫፉ አጠገብ መገኘት አለበት፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብስ በዓይኑ ማየት አለበት።

ስለዚህ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን፣ የነባር ሕዝቦችን ጎሳዎችና የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶችን ያሰባሰበው የግዙፍ ሴኮያ መሬቶች ጥምረት ምርመራውን አዘጋጀ። ፓርኩ ፈቀደ። ቡድኑን የመራው የጥንታዊ ደን ማኅበር ዋና ዳይሬክተር አንቶኒ አምብሮዝ ነው። አምብሮዝ ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለም። በ2012 ጀምሮ ዓመታት በዘለቀው የካሊፎርኒያ ድርቅ ጊዜ ሴኮያዎች ላይ እየወጣ ቅጠላቸው ውስጥ ያለውን የውሃ ሁኔታ ሲለካ የኖረ ሰው ነው። ያ ልኬት ጎህ ሳይቀድ አንዴ፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ አንዴ ይወሰዳል። አንድ ዛፍ በቀን ሁለቴ መውጣት ማለት ነው። እንደዚያ የለፋ ሰው ገመድ ላይ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

መጀመሪያ፣ የማይደረገው

የመብራት ኃይል ሠራተኛ የእንጨት ምሰሶ ላይ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እግሩ ላይ ሹል ብረት ያስራል። እያንዳንዱን እርምጃ ምሰሶው ላይ ይተክላል። ለሞተ እንጨት ጥሩ ዘዴ ነው። ፈጣን ነው፣ ብዙ ገመድም አይፈልግም።

ሕያው ዛፍ ላይ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ቁስል ነው። ዛፍ ደግሞ እንደኛ ቁስሉ አይሽርለትም። የተጎዳውን ክፍል ከውስጥ አጥሮ ይዘጋውና በዙሪያው ማደጉን ይቀጥላል። ቁስሉ እዚያው እንዳለ ነው። በዛፍ እንክብካቤ ሙያ ውስጥ ሹል ብረት በዋናነት የሚወጣው ዛፉ ሊቆረጥ ሲሆን ነው፤ ወይም ላይ የተጎዳ ሰው ኖሮ ለማውረድ ሲሮጥ።

"የሴኮያ ቅርፊት ወፍራም ነው ካልክ ምን ይጎዳዋል?" የሚል አይጠፋም። ታች፣ እውነት ነው፣ ብረቱ ሕያው ክፍሉ ጋ ላይደርስ ይችላል። ላይ ግን ቅርፊቱ እየሳሳ ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ እስቲ ሥራውን አስቡት። የምትወጣው ትናንሽ ቀዳዳዎች ልትፈልግ ነው። ቀዳዳ እየፈጠርክ ወጥተህ ቀዳዳ ልትፈልግ ነው?

ስለዚህ ገመድ። ገመዱ ዛፉ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሰውየው ገመዱ ላይ ይንጠለጠላል። ግንዱን ቢነካ በጫማው ሶል ነው።

ገመዱን ማን ያወጣዋል?

ገመድ ላይ ለመውጣት ገመዱ አስቀድሞ ላይ መሆን አለበት። ላይ ለማድረስ ደግሞ ሰው ላይ መሆን አለበት። የዚህ ሙያ ግማሹ ብልሃት ይህንን እንቆቅልሽ መፍታት ነው።

ተራ የከተማ ዛፍ ላይ መፍትሔው ቀላል ነው። ከ300 እስከ 450 ግራም የሚመዝን ከረጢት ቀጭን ሲባጎ ታስሮበት በእጅ ይወረወራል። ከረጢቱ ቅርንጫፉን ተሻግሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ በሲባጎው ጫፍ ዋናውን ገመድ አስረህ ትጎትታለህ። ዛፉ ከፍ ካለ ረጅም ዘንግ ላይ የተገጠመ ትልቅ የላስቲክ ወንጭፍ አለ። ልጅ ሆኖ በላስቲክ ወፍ ያባረረ ሰው አጠቃቀሙ አይጠፋውም።

50ና 60 ሜትር ላይ ላለ ቅርንጫፍ ግን ወንጭፍም አይበቃም። እንዲህ ያሉ ግዙፍ ዛፎች ላይ የሚሠሩ ሰዎች ቀስት ይዘው ይመጣሉ። የአደን ቀስት። የቀስቱ ፍላጻ ጭራ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ክር ይታሰራል። ፍላጻው ቅርንጫፉን አልፎ በሌላኛው በኩል ይወድቃል። ከዚያ የትዕግሥት ሥራ ይመጣል። በክሩ ቀጭን ሲባጎ ይጎተታል። በሲባጎው ወፈር ያለ ገመድ ይጎተታል። በዚያ ደግሞ ሰው የሚሸከመው ገመድ ይወጣል። በየመሃሉ ክሩ ቅርፊት ውስጥ ይነክሳል፣ ቅጠል ይይዘዋል፣ በኃይል ሲጎተት ይበጠሳል። እንደገና ትጀምራለህ። ከመውጣቱ ይልቅ ይኼኛው ጊዜ የሚበላበት ቀን ብዙ ነው።

ቅርንጫፉ እንዴት ይመረጣል? ሸርማን ላይ ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። በ2006 ጃንዋሪ ወር የዛፉ ትልቁ ቅርንጫፍ ራሱ ተገንጥሎ ወደቀ። ውፍረቱ ከ2 ሜትር በላይ፣ ርዝመቱ ከ30 ሜትር በላይ ነበር። ከብዙ ዛፎች የሚበልጥ ቅርንጫፍ ነው። አጥሩን ሰባበረ፣ የእግረኛ መንገዱን ሰረጎደው። ያየው ሰው እንኳ አልነበረም። ሲታይ ከሁሉም የበለጠ የሚያስተማምን እሱ ነበር። የዛፉ የመጨረሻ ጫፍ ደግሞ የሞተ እንጨት ነው፤ በቁመት ማደግ ያቆመው ለዚህ ነው።

ስለዚህ "ወፍራሙን" ወይም "ከፍተኛውን" ብሎ መምረጥ የለም። የሚፈለገው ሕያው ቅርንጫፍ ነው፣ ቅጠሉ አረንጓዴ የሆነ። ገመዱም ግንዱ ላይ ተጠግቶ መተኛት አለበት። ቅርንጫፍ ከግንዱ በራቀ ቁጥር እንደ ማንሻ ዘንግ ይሆንና በትንሽ ክብደት ይሰበራል። ይህ ሁሉ የሚታየው ከመሬት ነው፣ በመነጽር፣ ከተለያየ አቅጣጫ እየተዞረ።

ከዚያ ፈተና አለ። ሁለት ወይም ሦስት ሰው አንድ ላይ ገመዱን ይዘው ይንጠለጠላሉ፣ ይወዘውዙታል። ቅርንጫፉ የሚሰበር ከሆነ እግርህ መሬት ላይ እያለ ይሰበር ነው ነገሩ። ሁሉም ደግሞ ሄልሜት አድርጎ፣ ወደ ጎን ቆሞ።

እጥፉ ክብደት

አንድ ነገር ላይ ቆም ልበል፤ የሙያው ሰዎች ራሳቸው የሚሳሳቱበት ስለሆነ።

ገመዱ ቅርንጫፉን ተሻግሮ በሁለቱም በኩል ወደ መሬት ወርዷል እንበል። አንዱን ጫፍ ዛፉ ሥር ታስረዋለህ። በሌላው ትወጣለህ። 80 ኪሎ ትመዝናለህ። ቅርንጫፉ ላይ የሚያርፈው ስንት ኪሎ ነው?

80 ብሎ የሚመልስ ብዙ ነው። ትክክለኛው መልስ ወደ 160 ይጠጋል። አንተ በአንድ በኩል በ80 ኪሎ ትስባለህ። እንዳትወድቅ ደግሞ ሥር የታሰረው ጫፍ በሌላው በኩል በ80 ኪሎ ይይዝሃል። ቅርንጫፉ የሁለታችሁን ድምር ይሸከማል። ገመዱ ቅርፊቱ ላይ ሲፈተግ ትንሽ ይቀነሳል፣ ያም ቢሆን አትመካበት። ለዚህ ነው ከላይ ያልኩት ፈተና ከአንድ ሰው በላይ የሚፈልገው። አንድ ሰው ተንጠልጥሎ የሞከረው ቅርንጫፍ ለአንድ ሰው ላይበቃ ይችላል።

ታዲያ ለምን ሥር ይታሰራል? ላይ ቅርንጫፉ ላይ ብቻ በቋጠሮ ቢታሰር ክብደቱ ግማሽ ይሆን ነበር። መልሱ ነፍስ ማዳን ነው። ሥር የታሰረ ገመድ ከመሬት ሊለቀቅ ይችላል። ላይ ያለው ሰው ራሱን ቢስት፣ ንብ ቢነድፈው፣ እጁ ቢሰበር፣ ታች ያለው ሰው በማውረጃ መሣሪያ ቀስ አድርጎ ያወርደዋል። ሌላ ሰው እስኪወጣ አይጠበቅም። ወገብና ጭን የሚያቅፈው መታጠቂያው ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ይጠራቀማል፤ ጊዜው በደቂቃ ነው የሚቆጠረው።

ይህ ደግሞ በገመድ ርዝመት ይከፈላል። ቅርንጫፉ 70 ሜትር ላይ ቢሆን፣ ለመውጫ 70፣ በሌላው በኩል ለመውረጃ 70፣ ሰውየውን እስከ መሬት ለማውረድ ሌላ 70 ሜትር ትርፍ ያስፈልጋል። 210 ሜትር ገመድ። የእግር ኳስ ሜዳ ሁለቴ ያስኬዳል። ለዚህ ነው ገመዱ ቀጭን የሚሆነው፤ 10 ወይም 11 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ከወፈረ ክብደቱን ማን ይሸከመዋል?

አወጣጡ

ገመድ ላይ የመውጣት ዘዴ በሁለት ይከፈላል። በአንደኛው ገመዱ ይንቀሳቀሳል፣ በሌላኛው ገመዱ ቆሞ ሰውየው ይንቀሳቀሳል።

የሚንቀሳቀሰው የቆየው ዘዴ ነው። የገመዱ አንድ ጫፍ መታጠቂያህ ላይ ይታሰራል፣ ቅርንጫፉን ይሻገራል፣ ይመለስና እንደገና መታጠቂያህ ላይ በአጥባቂ ቋጠሮ ይያያዛል። ቋጠሮው ሲገፉት ይንሸራተታል፣ ክብደት ሲያርፍበት ይነክሳል። የዚህ ቋጠሮ ቤተሰብ አባት ፕሩሲክ ይባላል፤ ስሙ ከኦስትሪያዊው ተራራ ወጪ ከካርል ፕሩሲክ የመጣ ነው። ዘዴው ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ለመዘዋወር አንደኛ ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ ሁሉንም በአንድ ቋጠሮ ትጫወተዋለህ። ችግሩ አንድ ሜትር ለመውጣት ሁለት ሜትር ገመድ መሳብ አለብህ። በዚያ ላይ ገመዱ ቅርንጫፉ ላይ ወዲያ ወዲህ ስለሚሄድ ቅርፊቱን እንደ መጋዝ ይበላዋል። የቆዳ ወይም የፕላስቲክ እጀታ ሳያለብሱ መጠቀም ነውር ነው።

70 ሜትር እንዲህ መውጣት አይታሰብም። ስለዚህ እስከ ላይ የሚኬደው በሁለተኛው ዘዴ ነው። ገመዱ ቆሟል። ሰውየው ጥርስ ባለው መቆንጠጫ ይወጣበታል። መቆንጠጫው ጁማር ይባላል፤ ጁሲና ማርቲ የሚባሉ ሁለት ስዊዞች ሠርተውት የሁለቱ ስም ተቀጥሎ የወጣለት ስም ነው። ወደ ላይ ሲገፋ ይሄዳል፣ ወደ ታች ሲሳብ ይነክሳል። አንዱ እጅ ላይ፣ አንዱ ደረት ላይ ይሆናል። እግር የሚረግጥበት ቀለበት ደግሞ ከእጁ መቆንጠጫ ጋር ተያይዟል።

እንቅስቃሴው ቁጭ ብድግ ነው። እጅህን ከነመቆንጠጫው ወደ ላይ ትገፋለህ። ጉልበትህ ደረትህ ጋ ይመጣል። ቀለበቷን ረግጠህ ትቆማለህ። የደረቱ መቆንጠጫ ገመዱ ላይ ሽው ብሎ ይከተልሃል። ትቀመጣለህ። ግማሽ ሜትር ያህል ወጣህ። እንደገና።

የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ግን ያሳብዳሉ። ረገጥክ፣ ቆምክ፣ አሁንም መሬት ላይ ነህ። ገመዱ ተለጠጠ እንጂ አንተ አልወጣህም። የማይለጠጥ የሚባለው ገመድ እንኳ ከ3 በመቶ ያህል አያመልጥም። 80 ሜትር ላይ 3 በመቶ ማለት 2 ሜትር ከ40 ነው። ሥር የታሰረው በኩል ያለውም አብሮ ይለጠጣል። ጀማሪ ያን ጊዜ በእጁ መሳብ ይጀምራል። እጅ ደግሞ 15 ሜትር ሳይሞላ ያልቃል። የሚያወጣህ እግር ነው፤ እጅ ሚዛን ይጠብቃል። የለመዱት ሰዎች ሲወጡ ቀስ ያሉ ይመስላል። ትንፋሻቸው ከእግራቸው ጋር ይሄዳል፣ ወሬም ያወራሉ።

ደብረ ዳሞ የሄደ ወንድ ይህንን በሌላ መልክ ያውቀዋል። ወደ 15 ሜትር የሚሆነው ገደል ላይ የሚወጣበት የጠፍር ገመድ አለ። ሌላ ጠፍር ደግሞ ወገቡ ላይ ታስሮ ከላይ መነኩሴ ይዞታል። አንዱ መውጫ፣ አንዱ መጠበቂያ። ዛፍ ላይም ይኸው ሕግ ነው፤ ከአንድ ማሰሪያ ወደ ሌላ ስትሸጋገር አዲሱ ሳይያዝ አሮጌው አይፈታም።

ቅርንጫፎቹ መሃል ሲደረስ ዘዴው ይቀየራል። ቋሚው ገመድ እንደ ደረጃ ሆኖ ይቀራል። ሰውየው በአጭር ገመድ ግንዱን ወይም ቅርንጫፉን ይታቀፋል፣ በሌላ ተንቀሳቃሽ ገመድ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። የሚፈለገው ነገር ያለው እዚህ ነው። የሙያውም ውበት፣ በእኔ አስተያየት፣ እዚህ ነው፤ ክብደትህን ገመዱ ላይ ጥለህ ሁለት እጅህን ነፃ ማድረግ። ዛፍ ይዞ መመርመር አይቻልም።

ምን ተገኘ?

አምብሮዝና ባልደረቦቹ ቅርንጫፎቹንና ግንዱን መረመሩ። የፈለጉት ጥንዚዛው የሚተዋቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ወርደው ያሉት አጭር ነበር። ጀነራል ሸርማን ለጊዜው ደህና ነው። የጥንዚዛ ጥቃት ቢመጣበት መመከት የሚችል፣ በጣም ጤናማ ዛፍ ይመስላል።

"ለጊዜው" የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ሐኪም ቤት ሄዶ "ለጊዜው ምንም የለብህም" የተባለ ሰው ስሜቷን ያውቃታል። የፓርኩ ኃላፊ ክሌይ ጆርዳንም ያነሳው ጥያቄ እሱው ነው። እነዚህ ዛፎች ስንት ዘመን ነፍሳትን ተቋቁመው ኖረዋል፤ ለምን አሁን? ሴቭ ዘ ሬድዉድስ ሊግ የተባለው ድርጅት የሥራ ኃላፊ ቤን ብሎም በበኩሉ ዋናው አደጋ አሁንም የአየር ንብረት ለውጥ ያባባሰው ሰደድ እሳት ነው ብሏል። ጥንዚዛውን አሁን የሚያጠኑት በኋላ ሳያስቡት እንዳይመጣባቸው ነው።

ድሮኑስ?

ገና ከመጀመሪያው የሚነሳ ጥያቄ ነው። በዚህ ዘመን ሰው ለምን ገመድ ላይ ይንጠለጠላል? ድሮን አይላክም?

ተልኮ ነበር። ማለት ሊላክ ነበር። ከቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ የመጣ ቡድን ያኑ ቀን ሸርማን ላይ ድሮን ሊያበር ተዘጋጅቶ ነበር። ሞቃት አየር ከታች ወደ ላይ እየነፈሰ አስቸገራቸውና በረራው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ድሮኑ መሬት ላይ ሲቀር ባለገመዶቹ ላይ ነበሩ። የገመድ ወዳጅ ስለሆንኩ ትንሽ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ደስታዬ ግን ብዙ አያስኬድም። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ጎልማሳ ሴኮያዎች አሉ፤ ወደ 80 በሚጠጉ ቦታዎች ተበትነው። በየዛፉ ላይ ቀስት ወርውሮ፣ ክር ጎትቶ፣ ቅርንጫፍ ፈትኖ፣ 210 ሜትር ገመድ ሰቅሎ መውጣት አይቻልም። አምብሮዝም ራሱ የሚክደው ነገር አይደለም። የታሰበው መንገድ ድሮንና ሳተላይት ሰፊውን ደን እንዲቃኙ፣ የተጠረጠረው ዛፍ ላይ ሰው እንዲወጣ ነው። ለዚያ ደግሞ የድሮኑ ምስል የሚያሳየው ነገር እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥ ዓይን ያስፈልጋል። ያ ዓይን ለጊዜው ሄልሜት አድርጎ ገመድ ላይ ነው።

ጥንዚዛ ቢገኝስ? ባለሥልጣናቱ ከጠቀሷቸው አማራጮች ውስጥ ውሃ መርጨት፣ ኬሚካል መጠቀምና የተበከሉትን ቅርንጫፎች መቁረጥ ይገኛሉ። የመጨረሻውን አስቡት። 60 ሜትር ላይ፣ አጥርና የጎብኚ መንገድ ከሥሩ ባለበት፣ ማንም እንዲነካው በማይፈለግ ዛፍ ላይ፣ አንድ ሰው መጋዝ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ፣ የሚቆረጠውን ቅርንጫፍ በሌላ ገመድ አስሮ ቀስ አድርጎ ማውረድ ሊኖርበት ነው። ያኔ ማንጠልጠያው ቅርንጫፍ ላይ የሚያርፈው የሰው ክብደት ብቻ አይሆንም።